«ሁለት እየዘለሉ» ስንት ነው?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ለግብርና ተማሪዎች የአር (የኮምፒውተር ቋንቋ ነው) ፕሮግራሚንግ መማሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። «ከ1 እስከ 20 ሁለት እየዘለላችሁ ቁጥር አውጡ» ብዬ ብጽፍ ግማሾቹ 1፣ 3፣ 5 እያሉ፣ ግማሾቹ 1፣ 4፣ 7 እያሉ አመጡልኝ። የተሳሳተው ማን ነው?

መልስ፦ ተማሪዎቹ አይደሉም፤ ጣጣው «መዝለል» ነው። ዘለለ የሚቆጥረው የታለፈውን እንጂ የተረገጠውን አይደለም። «መድኃኒቱን አንድ ቀን እየዘለልክ ውሰድ» የተባለ ሰው ዛሬ ወስዶ ነገን ይተውና ከነገ ወዲያ ይወስዳል፤ የዘለለው አንድ፣ የተራመደው ሁለት ነው። ስለዚህ ሁለት እየዘለሉ ሲሄዱ 1፣ 4፣ 7 ይመጣል። አር ግን ተከታታይ ቁጥሮችን በሚያወጣው፣ ሴክ በሚባለው ትእዛዙ ውስጥ «ባይ» በተባለው ቦታ ላይ የሚፈልገው የእርምጃውን ስፋት ነው። ባይ 2 ማለት «በ2 በ2 እየጨመራችሁ» ነው፤ «ሁለት እየዘለላችሁ» ለማለት ባይ 3 መጻፍ ይኖርብዎታል።

«እስከ»ም ትንሽ ያሳስታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስንል ዓርብ ውስጥ ነው፤ አርም መድረሻውን አይተውም፣ እርምጃው ካረፈበት። ከ1 ተነስቶ በ2 በ2 ሲጨምር ግን 19 ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም ቀጣዩ 21 ነው። «ከ20 ሳታልፉ» ቢሉ ይጠራል።

ለቡና አገር ተማሪ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ይህ ነው። 20 ሜትር መስመር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በየ2 ሜትሩ ችግኝ ይተከል ቢባል ስንት ጉድጓድ ይቆፈራል? ብዙ ሰው 20ን ለ2 አካፍሎ 10 ይላል። 10 የክፍተቶቹ ቁጥር ነው፤ ጉድጓዶቹ 0 ላይ ያለውን ጨምሮ 11 ናቸው። በሴክ ውስጥ ከ«ባይ» ይልቅ «ሌንግዝ አውት» (የሚወጡት ቁጥሮች ብዛት) ላይ 10 ቢሞሉ ኮምፒውተሩ አይቃወምም፤ ሁለቱን ጫፎች ይዞ ርቀቱን ወደ 2.22 ሜትር ያሰፋዋል። በአማርኛም «መስመሩን 10 ቦታ ክፈሉ» እና «10 ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ» አንድ አይደሉም። ሌንግዝ አውት የሚቆጥረው ምልክቶቹን ነው።

ቁጥሮችን ደጋግሞ በሚጽፈው፣ ሬፕ በሚባለው ትእዛዝ ላይ ግን አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይቀላል እላለሁ። 1፣ 2፣ 3ን «ሁለት ጊዜ ጻፉ» ሲሉ 1፣ 2፣ 3፣ 1፣ 2፣ 3 ይሆናል፤ ይህ «ታይምስ» ነው። «እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ጻፉ» ሲሉ 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 3፣ 3 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ «ኢች» ነው። ቁጥሩን መደጋገማችን ብቻውን ልዩነቱን ይናገራል። «ድገሙ» ግን ባይጠቀሙ ይሻላል፤ የመጀመሪያውን ሳይቆጥር ሁለቴ ደግሞ ሦስት የሚያደርስ ተማሪ አይጠፋም።

ወደ ታች ሲቆጠር «በ2 በ2 እየቀነሳችሁ» ይበሉ፤ ባይ ላይም ‎-2 ይጻፍ። ከ10 ወደ 1 ተብሎ 2 ብቻ ከተሰጠው አር የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክቱ ተሳስቷል ብሎ ይቆማል።