መልስ፦ በስሪዲ (3D) ፊልም የዳንሰኛዋ ክንድ በምስሉ ጠርዝ ሲቆረጥ ለምን ዓይን ያማል?

«ዳንሰኛ በስሪዲ ቀረጽኩ፤ ክንዷ ፍሬሙ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ዓይኔን ያመኛል» ላልከው፣ ካሜራህ አልተበላሸም። ክንዱ ከስክሪኑ ወደ ተመልካቹ ወጥቶ ሳለ ጠርዙ ይቆርጠዋል። ዓይን «ከፊት ነው» ሲል ጠርዙ «ከኋላዬ ነው» ይላል፤ ራስ የሚያዞረው ይሄ ነው።

1. የቀረጽከውን ኤዲቲንግ ላይ ለግራና ለቀኝ ዓይን የተቀረጹትን ሁለት ምስሎች ወደ ጎን አንሸራትተህ ዳንሰኛዋን ከስክሪኑ ኋላ አድርጋት።

2. ለሚቀጥለው ቀረጻ ሙሉ ሰውነቷን ያዝ፣ በጎንና በጎኗም ክፍት ቦታ ተው። ከሩቅ በዙም አትሳባት፤ ካርቶን ላይ ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች። ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ ይዘህ ተጠጋ። ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቪም ቬንደርስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው «ፒና» በተባለው የስሪዲ ዳንስ ፊልም ካሜራውን በክሬን ዳንሰኞቹ መሃል ያስገባዋል። አፈር የተነጠፈበትን መድረክ እየው፤ ማን ከማን ፊት እንደቆመ መሬቱ ራሱ ይነግርሃል። ለኔ ስሪዲ ለዳንስ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፣ እጅ ወደ ተመልካች በመወርወር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፦ ላፕቶፕ ላይ አይተህ «አለቀ» እንዳትል። እዚያ ደህና የመሰለው ሲኒማ ቤት ጉድ ያደርግሃል። ከዳንሰኛዋ ኋላ ያለው የመድረክ መጋረጃ የግራና የቀኝ ምስሎች በትልቁ ስክሪን ከ6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ ከተራራቁ የተመልካቹ ዓይኖች ወደ ውጭ ይጎተታሉ። ለምነህም ቢሆን አዳራሽ አግኝና ሞክረው።