ሀብታሟ እመቤቴ ለምን ሶሻሊስት ትመርጣለች?

ጥያቄ፦ ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ እመቤቴ ምርጫ ሲደርስ ተራራ ላይ ወዳለው የአባቷ መንደር ሄዳ ሶሻሊስት ፓርቲ ትመርጥ ነበር። ሴትዮዋ ግን የናጠጠች ሀብታም ናት! ነገሩ እንዴት ነው?
(አንዲት አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሴትዮዋ ድሩዝ፣ ማለትም ተራራማው አካባቢ በብዛት ከሚኖረው አነስተኛ የሃይማኖት ማኅበረሰብ፣ ሳትሆን አትቀርም። ፓርቲውን በ1949 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ከማል ጁምብላት ራሱ የባላባት ልጅ ነው፤ ስሙ ሶሻሊስት ይሁን እንጂ ደጋፊው በአብዛኛው ድሩዝ ነው። ሊባኖስ ውስጥ ሥልጣን የሚታደለው በሃይማኖት ነው፦ ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ፣ ከ128ቱ የፓርላማ ወንበሮችም ግማሹ ለክርስቲያኖች። ማን ስንት ነው እንዳትዪኝ፤ የመጨረሻው ቆጠራ የ1932 ነው፣ ደግሞ ለመቁጠር የደፈረ የለም።

መደብስ? አለ እንጂ። የሺዓው የሃይማኖት መሪ ሙሳ ሳድር በ1974 «የተገፉት» የሚል ንቅናቄ ይዞ ሲነሳ የደቡቡንና የበቃ ሸለቆን ድሃ ነበር የጠራው፤ ድሃው ግን አብዛኛው ሺዓ ስለነበር ነገሩ ዞሮ ዞሮ አማል የሚባለው የሺዓ ፓርቲ ሆነ። ብሔርም አልቀረም፤ ቡርጅ ሐሙድን ታውቂው ይሆናል፣ እሁድ እሁድ የእኛ ልጆች የሚገበያዩበት ሰፈር፣ እዚያ ያሉት አርመኖች የራሳቸው ፓርቲዎች አሏቸው።