«ሲስተም ውስጥ ነው፣ ወረቀት የለውም» ተብሎ መረጃ መከልከል ይቻላል?

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ የሚገኘው የእናቴ ቤት በልማት ምክንያት እንዲነሣ ተለክቷል። ልኬቱን የሠሩት ልጆች ታብሌት ይዘው ነበር። ዋናውን ቤትም ሰርቪሱንም ፎቶ እያነሡ እዚያው መዘገቡ። የካሳው ግምት ሲደርሰን ግን ሰርቪሱ የለበትም። የልኬቱን ሰነድና ፎቶውን ስጡን ብለን ብንመላለስ «ሲስተም ውስጥ ነው፣ ወረቀት የለውም» አሉን። አንዱ ሠራተኛ ደግሞ ፎቶዎቹ በቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ እንደተላኩ ነግሮን፣ «እሱ ግን የግል ስልክ ስለሆነ አይሰጥም» አለ። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወደ መረጃው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር ልንገርዎ። በካሳ ግምት ላይ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ በሕግ የተገደበ ነው። የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቅሬታ ሰሚ አካል አቋቁሟል፤ በውሳኔው ላይም ይግባኝ አለ። መረጃ ስለጠየቃችሁና መልስ ስለምትጠብቁ ያ ቀን አይቆምላችሁም። ብዙ ሰው «ሰነዱ ይምጣና እንከሳለን» እያለ ቀኑን ያሳልፋል። ስለዚህ ቅሬታውን አሁኑኑ ያስገቡ። በማመልከቻው ላይ «የልኬት ሰነዱ በጽሕፈት ቤቱ እጅ ስለሚገኝ እንዲቀርብ ይታዘዝልን» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለያዘ ብቻ መከልከል አይችልም። የሕጉ መነሻ ሕገ መንግሥቱ ነው፤ አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን ዕድል ያረጋግጣል፣ አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ዝርዝሩ ያለው በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ውስጥ ነው። «እሱ እኮ ተሽሯል» የሚል ባለሙያ ሊገጥምዎ ይችላል። የተሻረው ስለ መገናኛ ብዙኃን የሚያወራው ክፍል ነው፤ እሱን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተክቶታል። መረጃ ስለማግኘት የሚደነግገው ክፍል ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

አዋጅ ቁጥር 590/2000 «መረጃ»ን ሲተረጉም ደብዳቤን፣ ካርታን፣ ፎቶግራፍን፣ ድምፅንና ምስልን ሁሉ ጠቅሶ፣ በምንም ዓይነት ቅርጽና ማከማቻ ቢያዝ መረጃ ነው ይላል። ይህ ብቻም አይደለም። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 12 መረጃ የማግኘት መብት ሲል፣ በኮምፒዩተር የተያዘውን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ተገልብጦ ወይም ታትሞ መውሰድንም ይጨምራል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት ስላለፉ የሚዘረዝረው ፍሎፒና ዲስኬት ነው፤ ፍላሽ የሚል የለበትም። ግን ሐሳቡ አንድ ነው። እንግዲህ «ወረቀት የለውም» የሚለው መልስ ለሕጉ መልስ አይሆንም። ታትሞ ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ ባይታተምም በፍላሽ ይገለበጣል።

ሌላም የምሰማው ሰበብ አለ፦ «ሪፖርት ማውጣት አለብን፣ አዲስ ሥራ ነው»። እዚህ ላይ ልዩነቱን ይያዙ። አዋጁ መሥሪያ ቤቱን ያልነበረ ጥናት ወይም ትንታኔ እንዲያዘጋጅ አያስገድደውም። በሲስተም ውስጥ ያለን ምዝገባ ከፍቶ ማተም ግን አዲስ ነገር መፍጠር ሳይሆን ያለውን ማውጣት ነው። የድሮው መዝገብ ቤት ሠራተኛ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ፋይል ሲያወርድ «አዲስ ሰነድ ፈጠርኩ» ብሎ አያውቅም። (ስለ «ሲስተም የለም» ምንም አልልም፤ እሱ የሕግ ሳይሆን የኔትወርክ ጥያቄ ነው። ግን «ሲስተም የለም» የተባለበትን ቀንና የነገረዎትን ሰው የሥራ መደብ መዝግበው ይያዙ።)

ከባዱ የቴሌግራሙ ነገር ነው። የግል ስልክ የግል ነው፣ ውስጡ ያለውም የቤተሰብ ወሬ ሊሆን ይችላል፤ ሠራተኛውም በሕገ መንግሥቱ የግላዊነት መብት አለው። ነገር ግን የቤትዎ ፎቶ እዚያ ግሩፕ የገባው ሥራ ለመሥራት ነው። ሥራ አስኪያጁ «ይህ ይግባ፣ ያ ይውጣ» ያለውም እዚያው ከሆነ ያ የመንግሥት ሥራ መዝገብ ነው እንጂ የአንድ ሰው ጨዋታ አይደለም። የእኔ አስተያየት፣ መለኪያው ስልኩ የማን ነው ሳይሆን ጽሑፉ ለምን ተጻፈ የሚለው ነው። አለዚያ ማንኛውም ኃላፊ ደብዳቤውን ትቶ በቴሌግራም እየወሰነ ከአዋጁ ሊያመልጥ ይችላል።

ይህ ጥያቄ በሌላ አገርም ተነሥቷል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በሳን ሆሴ ከተማ ጉዳይ ወስኖበታል። የክሱ መነሻ ካዛንቺስን ያስታውሳል፤ ጠያቂው ስለ ከተማዋ መሐል መልሶ ማልማት የከተማው ባለሥልጣናት በግል ኢሜይልና በስልክ መልእክት የተጻጻፉትን ነበር የፈለገው። ፍርድ ቤቱ በግል አካውንት ቢጻፍም የመንግሥት ሥራ እስከተሠራበት ድረስ የመንግሥት መዝገብ ነው አለ። የሠራተኛውን ግላዊነትም አልረሳም፤ ስልኩ ይወረስ አላለም፤ ሠራተኛው ራሱ ፈልጎ የሥራውን ለይቶ ቢያቀርብ፣ አላቀርብም የሚለውንም በቃለ መሐላ ቢያስረዳ ይበቃል ብሏል። የካሊፎርኒያ ፍርድ እኛን አያስገድደንም። ግን ልደታ ፍርድ ቤት ቢነሣ ለማሳመን የሚጠቅም መንገድ ነው፤ እኔ ብሆን እጠቅሰዋለሁ።

እንግዲህ ምን ይጻፉ? በቃል «ስጡን» ማለቱን ይተዉት። አዋጁ የቃል ጥያቄን ቢፈቅድም ማስረጃ የሚሆንዎ ወረቀት ነው። ማመልከቻው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይጻፍ፤ ሕጉ መረጃ የመስጠቱን ሥራ የጣለው በእሱ ላይ ነው። «ፋይላችንን ስጡን» ብለው አይጻፉ፤ የሚፈልጉትን ጠቅሰው ይጠይቁ። ለምሳሌ፦

«የካርታ ቁጥሩ … በሆነው ይዞታ ላይ በ… ቀን የተካሄደው ልኬት በሲስተሙ የተመዘገበበት ገጽ፣ አብረውት የተያያዙት ፎቶዎች፣ ምዝገባው ከገባ ጀምሮ ማሻሻያ ተደርጎበት ከሆነ ማን መቼ እንዳሻሻለው የሚያሳየው ዝርዝር፣ እንዲሁም ስለዚሁ ልኬት በሥራ ግሩፕ የተላኩ ፎቶዎችና መልእክቶች ታትመው ወይም በፍላሽ ተገልብጠው እንዲሰጡኝ፣ ጉዳዩ እስኪወሰንም ምዝገባው ሳይነካ እንዲቆይ እጠይቃለሁ።»

ስለ ማሻሻያው ዝርዝር አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ብዙ ሲስተም ማን ገብቶ ምን እንደቀየረ ይመዘግባል። ሰርቪሱ መጀመሪያ ተመዝግቦ በኋላ ተሰርዞ ከሆነ የሚገኘው እዚያ ነው። ከፎቶም የስክሪን ቅጂ ሳይሆን ራሱን ፋይሉን ይጠይቁ፤ የተነሣበት ቀንና ሰዓት፣ አንዳንዴም ቦታው፣ በፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ ስክሪን ቅጂ ሲሆን ያ ሁሉ ይጠፋል። ፋይሉ በኤሌክትሮኒክ መያዙ በክርክር ጊዜ አያዳክመውም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። «ይሰርዙታል» ብለው ከሰጉም፣ የመንግሥት መዝገብን ያለ ሥልጣን መሰረዝና ማበላሸት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንደሚያስጠይቅ በትሕትና ማስታወስ ይችላሉ። ማስፈራሪያ አያድርጉት፤ አንድ መስመር ይበቃል።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አድርገው መዝገብ ቤት ያስገቡ። በእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ከዚያ 30 ቀን ይጠብቁ፤ መልስ መስጫው ጊዜ ይኸው ነው፣ በቂ ምክንያት ካለ ግን ሊራዘም ይችላል። ከከለከሉ ምክንያቱንና የሕጉን አንቀጽ ጠቅሰው በጽሑፍ መስጠት አለባቸው። ቅሬታው በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል፤ በመጨረሻ ፍርድ ቤት አለ። በየደረጃው ቀን ስላለ መልስ በደረሰዎት ሳምንት ይንቀሳቀሱ። «የጎረቤቶችዎ መረጃ አብሮ አለበት» የሚል መልስ ከመጣ፣ የእነሱ ስምና ቁጥር ተሸፍኖ የእናትዎ ይሰጥ ማለት ይችላሉ፤ ከፊሉ ተከለከለ ማለት ሁሉም ተከለከለ ማለት አይደለም።

ብዙዎች የሚያልፉት ሌላ በር ደግሞ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አንድ ሰው ስለራሱ የተያዘ ዳታን እንዲያይና ስሕተት ካለው እንዲታረም የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የመረጃ ነፃነቱ አዋጅ «አሳዩኝ» ለማለት ይጠቅማል፣ ይህኛው ግን «አርሙት» ለማለትም ይሆናል። የጎደለው ሰርቪስ እንዲገባ የሚፈልጉ ከሆነ ሁለቱንም አዋጆች በአንድ ማመልከቻ ይጥቀሱ።

የመጨረሻው ነገር ስም ነው። ቤቱ በእናትዎ ስም ስለሆነ ማመልከቻው ላይ የሚፈርሙት እሳቸው ቢሆኑ ይመረጣል። መመላለሱ የሚከብዳቸው ከሆነ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ውክልና ይስጡዎ፤ ውክልናው ላይ «መረጃ ለመጠየቅ፣ ለመቀበልና ቅሬታ ለማቅረብ» የሚሉት ቃላት በግልጽ ይጻፉ። ቤቱን ለማስተዳደር ብቻ የተሰጠ የቆየ ውክልና ካለዎ መስኮቱ ላይ ሊመልሱዎ ይችላሉ።