የዎልቨርሃምፕተን አሸናፊ ፈረስ ኒውካስል ላይም ያሸንፋል?

ሰላም ወንድሜ፣ በእንግሊዙ የዎልቨርሃምፕተን የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ሁለቴ ያሸነፈው ፈረስ እዚያው አገር ባለው የኒውካስል ሜዳ ላይ 1 ማይል ሲሮጥ ይታመናል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ በጭፍን አላምነውም። ንጣፉ አያስቸግረውም፤ ሁለቱም ታፔታ ነው፣ አሸዋ፣ ሰው ሠራሽ ክርና ሰም የተደባለቀበት። ልዩነቱ የሜዳው ቅርጽ ላይ ነው። ዎልቨርሃምፕተን ወደ ግራ የሚዞር ጠባብ ሜዳ ስለሆነ ከመነሻው ፈጥኖ ወጥቶ የውስጡን አጥር የያዘ ፈረስ መንገድ ይቆጥባል። የኒውካስል 1 ማይል ግን ቀጥ ያለ ነው፣ አንድም ኩርባ የለውም፣ ዳገትም አለው። እዚያ ከፊት የሮጠው ሲደክም ከኋላ ትንፋሹን ቆጥቦ የመጣው ያልፈዋል።

ስለዚህ ያሸነፈበትን ቪዲዮ ፈልገህ የመጨረሻዎቹን 200 ሜትሮች ደጋግመህ እይ። ፍጥነት እየጨመረ ነው የጨረሰው ወይስ ጆኪው (ጋላቢው) እየገፋው? የመጀመሪያው ከሆነ ተስፋ አለው። ውድድሩ ሃንዲካፕ፣ ማለትም የተሻለው ፈረስ የበለጠ ክብደት የሚሸከምበት፣ ከሆነ ደግሞ ሁለቴ ማሸነፉ የሚሸከመውን ክብደት ሳይጨምርበት አይቀርም፣ እሱን አትርሳ።

ፈረሱ በሌላው የእንግሊዝ ሜዳ፣ በሳውዝዌል፣ የሮጠበትን ውጤት ካየህ ዓመቱን ተመልከት፤ እስከ 2021 ድረስ ንጣፉ ፋይበርሳንድ የሚባል ከባድ አሸዋ ነበር፣ አሁን እዚያም ታፔታ ነው።