ጥያቄና መልስ፦ ምክንያቱን ተዉት፣ ቀኑን እዩት

የዕቅድ ሰሞን መድረሱን የማውቀው በደብዳቤው ብዛት ነው። ዘንድሮም ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከመካነ ሰላም ሳይቀር የኮሌጅ ሰዎች ጽፋችኋል። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ «የጥራት ማሻሻያ ፕሮጀክት አምጡ ተብለናል፣ ምን እናምጣ?» የረዘመውን አሳጥሬያለሁ። የተደጋገመውን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ስም አልጠቅስም፤ አለቆቻችሁም ያነባሉ።

ከደሴ፣ የጥራት ቢሮ ባለሙያ፦ «ሁለት ቀን ተሰብስበን 31 ችግር ለቀምን። ከላብራቶሪ ዕቃ እስከ ካፌው ወጥ ድረስ ያልተነሳ የለም። ድምፅ ሲሰጥ ‹ለመምህራን የአቅም ግንባታ ሥልጠና› አንደኛ ወጣ። በዚሁ እንቀጥል?»

ሥልጠናው አንደኛ መውጣቱ አልገረመኝም። ድምፅ የሰጡት መምህራን ናቸው፣ ሥልጠና ደግሞ አበል አለው። አልፈርድባችሁም፤ ኑሮው ይታወቃል። ግን ድምፁ የነገራችሁ ስብሰባው ላይ የነበረው ሰው ምን እንደሚፈልግ ነው። ተማሪው የት ላይ እንደሚወድቅ አልነገራችሁም።

31ዱን ችግር ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ክተቱትና ወደ ሬጅስትራር ሂዱ። የሦስት ባች መረጃ ይበቃችኋል። በአንድ ገጽ ላይ ተማሪው የሚያልፍባቸውን በሮች ጻፉ፦ ተመዘገበ፣ ለሁለተኛ ሴሚስተር ተመለሰ፣ ሁለተኛ ዓመት ገባ፣ ጨረሰ፣ መውጫ ፈተና ተቀመጠ፣ አለፈ። ከዚያ በየበሩ ስንት ሰው እንደቀረ ቁጠሩ።

ለምሳሌ 200 ተማሪ ገባ እንበል። ለሁለተኛ ሴሚስተር 158 ተመለሰ። ሁለተኛ ዓመት የጀመረው 150፣ የጨረሰው 138፣ ለፈተና የተቀመጠው 132፣ ያለፈው 104። ስብሰባ ላይ የሚወራው ስለ ፈተናው ነው። 28 ሰው ወደቀ ተብሎ ቲቶሪያል ይታቀዳል። መጀመሪያው በር ላይ የቀሩትን 42 ልጆች ግን ማንም አያነሳቸውም። ግቢ ውስጥ የሉማ! ቅሬታ አያስገቡ፣ መጠይቅ አይሞሉ፣ ለኮሚቴ አይመረጡ።

እነዚያን 42 በትኗቸው። በጾታ፣ በትምህርት ክፍል፣ በመጡበት ወረዳ፣ ኤፍ ባገኙበት ኮርስ። ከዚያ የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርሞቹን አስወጡ። «ምክንያት» የሚል መስመር አለ አይደል? አንድ ኮሌጅ ውስጥ ፎርም ከፎርም እያገላበጥኩ አይቻለሁ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በጥቁር፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ በተሞነጫጨረ፣ ሁሉም ላይ ያለው አንድ ነገር ነው፦ «የቤተሰብ ችግር»። ነገሩ ምሥጢር የለውም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ «የቤተሰብ ችግር ብለህ ጻፍ፣ ቶሎ ይፈረምልሃል» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ቶሎ ይፈረማል።

ስለዚህ ምክንያቱን ተዉትና ቀኑን እዩ። ቀኑን ማንም ሊያሳምረው ብሎ አይጽፈውም። ልጆቹ የወጡት በምዝገባና በክፍያ ሳምንት ከሆነ ነገሩ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ሚድ ፈተና ባለቀ በሳምንቱ ከሆነ ትምህርቱ ከብዷቸዋል፣ ወይም ምን እንደሚጠብቃቸው የነገራቸው የለም። ግሬድ በተለጠፈ ማግስት ከሆነ የትኛው ኮርስ እንደጣላቸው ፈልጉ። በጠቅላላው ዓመቱ ላይ ከተበተነ ደግሞ አንድ የጋራ ምክንያት አትፈልጉ፤ እያንዳንዱ የራሱ አለው። በእኛ አገር «የቤተሰብ ችግር» ከሚለው ጀርባ ዓረብ አገርም አለ። በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወጣውን መንገድ ለወሎ ሰው እኔ አላስረዳም።

ቀኑ የጠቆማችሁን ይዛችሁ አሥር ለሚሆኑ ልጆች ደውሉ። ደዋዩ ዲኑ ባይሆን ይመረጣል፤ ለዲን እውነቱን የሚናገር ተማሪ አላየሁም።

አሜሪካ፣ አትላንታ ውስጥ ያለው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ይህንኑ የሚመስል ነው። መረጃውን ሲፈትሽ፣ ደህና እየተማሩ የነበሩ ልጆች በትንሽ ያልተከፈለ ሂሳብ ከምዝገባ እየተሰረዙ መሆኑን አየ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያቺን ጉድለት የሚሸፍን አነስተኛ ድጎማ ይሰጥ ጀመር። እኔን የሚገርመኝ ድጎማው ለማመልከቻ አለመጠበቁ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ልጆቹን ከመዝገቡ ፈልጎ አገኛቸው። እኛ ጋ ቢሆን ማመልከቻ፣ የቀበሌ ደብዳቤና ሁለት ፎቶግራፍ እንጠይቅ ነበር።

አሁን 31ዱን ችግር ከመሳቢያ አውጡ። ተማሪው ከሚሾልክበት ቀዳዳ ጋር የሚገናኙትን ብቻ ያዙ። ከእነሱም ውስጥ በእጃችሁ ያለውን፣ ለውጡ በአንድ ሴሚስተር የሚታየውን ምረጡ። የዶርም ሕንፃ በእጃችሁ አይደለም። የክፍያውን ቀን በሁለት ሳምንት መግፋት ግን በእጃችሁ ነው። ባለቤቱ ደግሞ አንድ ሰው ይሁን፤ ኮሚቴ ባለቤት አይሆንም። ሥልጠናው በዚህ ወንፊት ካለፈ እሰየው። ካላለፈ አበሉ ይቅር።

ከወልድያ፦ «ለዚህ ሥራ ኤስፒኤስኤስ (የስታትስቲክስ ሶፍትዌር) መማር አለብን?»

የለባችሁም። መደመርና መቀነስ ነው፤ ኤክሴል ይበቃል።

ከወልድያ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፦ «ክፍላችን ትንሽ ነው። የመውጫ ፈተና ውጤታችን ከ73 በመቶ ወደ 55 በመቶ ወረደ። አስቸኳይ የማሻሻያ ዕቅድ አቅርቡ ተባልን። ተማሪዎቻችን 11 ናቸው።»

ቁጥሩን ወደ ሰው መልሱት። አምና ከ11 ልጆች 8 አለፉ፣ ዘንድሮ ከ11 ልጆች 6 አለፉ። የሁለት ልጅ ልዩነት ነው። አንዱ የፈተና ዕለት ወባ ይዞት፣ ሌላዋ ኮምፒውተሩ ተቋርጦባት ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ከ30 ተማሪ በታች ላለው ክፍል በመቶኛ መጻፍ ራሱን እከለክል ነበር። የሦስት አራት ዓመቱን ደምሩና እዩት። ያኔም ቁልቁል ከሄደ ተነጋገሩበት። ደግሞ ልብ በሉ፦ በሚቀጥለው ዓመት ምንም ሳታደርጉ 8 ቢያልፉ፣ «ዕቅዱ ውጤት አመጣ» ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ከኮምቦልቻ፣ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ፦ «እኛ የመረጥነው የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ውጤትን ነበር። ኃላፊያችን ሰርዘው ‹የግቢ በርና አጥር ማስዋብ› አደረጉት። እንግዳ ሲመጣ የሚታይ ነገር ይሻላል አሉ። ካይዘንም ይህንኑ ይላል አሉ።»

ካይዘን፣ የጃፓኖቹ በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል ዘዴ፣ እንዲህ አይልም። አምስቱ ማዎች (በ«ማ» የሚጀምሩት የሥራ ቦታ ማስተካከያ ደረጃዎች) ውስጥ ማጽዳት ሦስተኛዋ ናት። ስንት ተቋም እንደሆነ እንጃ፣ እሷ ላይ ሲደርስ ቀለም ገዝቶ ይቆማል። ለኃላፊው ግን እንዲህ ብለህ አትሂድ። ሌላ ወረቀት ይዘህ ግባ፦ ሲኦሲ ከወሰዱት ሠልጣኞች የትኛው የብቃት አሃድ ላይ ስንቱ እንደወደቀ የሚያሳይ። ሁሉም የሚወድቁት አንድ አሃድ ላይ ከሆነ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ወይ ዕቃው የለም፣ ወይ የሚያሠለጥነው ሰው የለም። ይህ በሳምንት ውስጥ ይጣራል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ደግሞ አጠገባችሁ ነው፤ ልጆቹን ለትብብር ሥልጠና የተቀበሉትን ሱፐርቫይዘሮች «ምን ሳይችሉ መጡባችሁ?» ብለህ ጠይቅና መልሱን ከዚያው ወረቀት ላይ ጻፍ። ኃላፊው አጥሩም የግድ ነው ካሉ፣ አጥሩ ይሠራ። ብቻ በጥራት ፕሮጀክት ስም አይሁን።

ከደሴ፦ «የስድስት ዓመት ግራፍ ሠራን። 2014 ላይ ገደል ገባ፣ 2015 ላይ ዘለለ። አለቃችን ዝላዩን ‹የማሻሻያ ሥራችን ውጤት› ብለው ሪፖርት ሊያደርጉት ነው።»

አደራ አስቁሟቸው፤ በትሕትና። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 በሰሜኑ ጦርነት ምን እንዳሳለፉ ሪፖርቱን የሚያነበው ሰውም ያውቃል። የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች መዘረፋቸውን አገር ሰምቷል። ትናንሾቹ ኮሌጆች ደግሞ ዜና እንኳ አልሆኑም። የ2014 ነጥብ የትምህርት ጥራት አይለካም፤ ጦርነት ነው የለካው። ከጦርነት ወደ ሰላም መመለስ የማንም ኮሌጅ ፕሮጀክት ውጤት አይደለም።

ነጥቡን ከግራፉ አታጥፉት፤ አጥፍታችሁ መስመሩን ብትቀጥሉት እሱም ሌላ ውሸት ይሆናል። እዚያው ተዉት፣ ክበቡት፣ ከሥሩ ጻፉበት። መነሻ ዓመት ግን አታድርጉት። 2012ንም ተጠንቀቁ፤ ከመጋቢት ጀምሮ በኮሮና ተዘግቶ ነበር።

ከዚህ የሚብስ አንድ ነገር አለ። ብዙ ቢሮ ኮምፒውተሩ ተወስዶበታል፣ ፋይሉ ተበትኖበታል። በኋላ መዝገቡ እንደገና ሲገነባ፣ ፋይሉ የጠፋበት ልጅ «ያቋረጠ» ተብሎ የገባበት ቦታ አለ። ልጁ ሌላ ቦታ ተመድቦ ተመርቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የ2013 እና የ2014 «ያቋረጡ» የሚለውን ዝርዝር ከመቁጠራችሁ በፊት፣ ከትምህርት ክፍሎቹ የግሬድ ኮፒ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። አሰልቺ ነው። አንድ ሰው ሳምንት ሙሉ ሊፈጅበት ይችላል። ካልሆነ ግን የሌለ ችግር ፕሮጀክት ትሠሩለታላችሁ።

የግል ኮሌጅ ባለቤት፦ «የመጀመሪያው መውጫ ፈተና አሸማቀቀን። አሁን ‹የማለፍ ምጣኔን 90 በመቶ ማድረስ› የሚል ፕሮጀክት ቀርጸናል። እንዴት ያዩታል?»

የሐምሌ 2015ቱ ያሸማቀቀው እርስዎን ብቻ አይደለም። ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ግን ሁለቱ የሚቀበሉት ተማሪ አንድ ዓይነት አይደለም። ከጎረቤት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሳይሆን ከራስዎ ጋር ይወዳደሩ።

90 በመቶው ያሠጋኛል። እንዲህ ያለ ግብ የሚመታበት አቋራጭ መንገድ አለ፦ ደካማውን ተማሪ «ዘንድሮ አትቀመጥ» ማለት። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ያነሱት ነጥብ ይህ ነው፤ መለኪያው ራሱ ግብ ሲሆን መለካቱን ያቆማል።

ይልቅ አንድ ነገር ያጣሩልኝ። ከ3.5 በላይ ሲጂፒኤ (ጠቅላላ አማካይ ውጤት) ይዞ መውጫ ፈተናውን የወደቀ ተማሪ ስንት ነው? አንድ ሁለት ከሆነ ይለፉት። ብዙ ከሆነ ልጆቹን አይውቀሱ። ኤ እየሰጠ የላካቸው ማን ነው? ፕሮጀክትዎ የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነው፤ የሚያስቀይመው ሰውም አለ።

ከከሚሴ፦ «በተማሪዎች ምዘና ሁሉም መምህሮቻችን ከ5 ከ4.6 በላይ አገኙ። ይህን ተጠቅመን ምን እናሻሽል?»

ሁሉም እኩል ካገኘ መጠይቁ ሰው አይለይም ማለት ነው፤ መጀመሪያ እሱን አሻሽሉ። የሚሞላው ግሬድ ሳይለጠፍ ነው? መምህሩ አጠገባቸው ቆሞ ነው? አጣሩና መልሳችሁ ጻፉልኝ።

ከተማዋን የማልጠቅሳት እህት፦ «መረጃውን ስበትን የሚረብሽ ነገር አየሁ። አንድ ኮርስ ላይ ሴቶቹ ወይ ይወድቃሉ ወይ ዊዝድሮ ያደርጋሉ። ያው ኮርስ በሌላ መምህር ሲሰጥ ግን እንዲህ አይሆንም። የጥራት ፕሮጀክት አድርጌ ላቅርበው?»

እህቴ፣ አይሆንም። ቁጥሩ የሚልሽ «እዚህ ጋ ተመልከቺ» ብቻ ነው። መምህሩ ጥፋተኛ ነው አላለም። ክፍለ ጊዜው ምሽት ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ የተማሪዎቹ አመጣጥ ሊለይ ይችላል። በሴቶቹ ላይ ጥቃት ደርሷል ብለሽ የፈራሽው እውነት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የአሠራር ማሻሻያ አይደለም፤ ሰው ተጎድቷል። በፕሮጀክት ፎርማት ሞልተሽ ስብሰባ ላይ ብታቀርቢው ለሰውዬው በዚያው ምሽት ይደርሰዋል። ልጆቹም ይታወቃሉ። አራት ሴት ባለችበት ክፍል ውስጥ «አንዲት ተማሪ» ማለት ስሟን መጥራት ነው።

ሠንጠረዡን በቴሌግራም ለማንም አትላኪ፣ ለጓደኛሽም ቢሆን። ለልጆቹ ራስሽ አትደውይ፤ ሳታውቂ ልታስደነግጫቸው ትችያለሽ። ነገ ጠዋት በእግርሽ ወደ ኮሌጁ የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ሂጂና ለኃላፊዋ ብቻ አሳያት። መቼ እንደነገርሻት ጽፈሽ ያዢ። ካልሰማችሽ ወይ ዝም በይ ካለችሽ፣ ወደ ከተማችሁ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሂጂ። ከልጆቹ አንዷ ራሷ መጥታ ጥቃት ደርሶብኛል ካለችሽ ግን ቢሮ ለቢሮ አትዙሪ፤ ሆስፒታልና ፖሊስ ነው፣ በዚያው ቀን፣ አብረሻት ሄደሽ። በሌሎቹ ጥያቄዎች ላይ ቀልጃለሁ። በዚህ አልቀልድም። ያደረግሽውን ጻፊልኝ፤ አላትመውም።

ከሐይቅ፦ «ላቋረጡ ተማሪዎች ስልክ መደወል በሕግ ይፈቀዳል?»

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የሕግ ክፍላችሁን ጠይቁ፤ ለዚህ ነው የተቀጠሩት።

ከመካነ ሰላም፦ «ከተመረቅኩ ቆየሁ፤ ትራንስክሪፕቴን ታስወጣልኝ ይሆን?»

ወንድሜ፣ እኔ አምደኛ ነኝ። ወደ ሬጅስትራር ሂድ፣ በጠዋት። ክሊራንስህን እንዳትረሳ።