ስልኩ ሲቋረጥ ሰነዱ ለምን ይቆለፋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ነው። ዋናው ቢሮ ደሴ ፒያሳ ነው፤ የድርጅቱ ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ የአይቢኤሙ ኤኤስ/400፣ ያለውም እዚያው ነው። መጋዘኑ ኢንተርኔት የለውም፤ ያለን የመስመር ስልክ ብቻ ስለሆነ በሞደም እየደወልን በቴልኔት (ከሩቅ ማሽን መግቢያ ዘዴ) እንገባለን። አንዳንድ ቀን ሞደሙ ይያያዛል፣ ስምና ይለፍ ቃል የሚጠይቀው የሳይን ኦን ስክሪን ግን አይመጣም። በመጣ ቀን ደግሞ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እየመዘገብኩ መሃል ላይ ይቋረጣል። ተመልሼ ስገባ ሰነዱ በሌላ ተጠቃሚ ተይዟል ይለኛል። ሌላ ሰው ደግሞ የለም፣ እኔው ነኝ! ፈጣን ሞደም እንግዛ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ሞደም አትግዙ። በሁለት ተራ የስልክ መስመሮች መካከል ከ33.6 ኪሎ ቢት በላይ አይገኝም፤ 56 የተባለውም የሚሠራው አንደኛው ጫፍ ዲጂታል ሲሆን ነው። ለናንተ ሥራ ደግሞ ያው ይበቃል። ስክሪኑ 24 መስመር በ80 ፊደል ነው፣ ሙሉው ቢላክ 1,920 ፊደል። ስትጽፍም መስመሩ ላይ ምንም አይሄድም፤ የሚላከው ኢንተር ስትጫን ነው።

ሰነዱን የያዘው የቅድሙ አንተ ነህ። ስልኩ ሲቋረጥ ደሴ ያለው ማሽን ወዲያው አያውቅም። ሥራህ እንደተከፈተ፣ ሰነዱም እንደተቆለፈ ይቆያል። አንተ ደግመህ ስትደውል ስም ስላልሰጠኸው በራሱ አዲስ የመሣሪያ ስም (ማሽኑ ስክሪንህን የሚያውቅበትን ስም) ይሰጥህና እንደ ሌላ ሰው ያስገባሃል። ስክሪን የማይመጣበት ቀንም ከዚሁ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም፤ ማሽኑ በራሱ የሚፈጥራቸው መሣሪያዎች ጣሪያ አላቸው፣ የተቋረጡት ቦታ ይዘው ሲቆዩ ጣሪያው ይሞላል። ጣሪያው ኪውኦቶቪአርቲ (QAUTOVRT) በሚባለው የሲስተም ቫልዩ፣ ማለትም የማሽኑ ማስተካከያ፣ ይወሰናል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ 0 ነው። ደሴ ማሽኑን የሚይዘው ልጅ ስንት እንደተደረገ ይይልህ፣ ካነሰም ከፍ ያድርገው።

ዋናው መፍትሔ ግን ስም ነው። በኮምፒውተርህ የ5250 ፕሮግራም (የኤኤስ/400ን ስክሪን የሚያሳይህ) ማስተካከያ ውስጥ ወርክስቴሽን አይዲ የሚል ቦታ አለ። እዚያ ከ10 ፊደል የማይበልጥ፣ የአንተ ኮምፒውተር ብቻ የሚጠቀምበት ስም ጻፍ፣ ለምሳሌ ኮምብ01 የሚል በላቲን ፊደል። ከዚያ በደሴ በኩል ኪውዴቭአርሲዋይኤሲኤን (QDEVRCYACN) የሚባለው ቫልዩ ሥራውን ከመግደል ይልቅ እንዲያቋርጥና እንዲያቆይ ይደረግ። በዚያው ስም፣ በዚያው ተጠቃሚ ተመልሰህ ስትገባ ያቆምክበት ሥራ ይጠብቅሃል። ፕሮግራሙ ግን የመስመር መቋረጥን ስህተት መቀበል የሚችል መሆን አለበት፤ ካልቻለ ዝም ብሎ እየዞረ ማሽኑን ያደክማል፣ ስለዚህ ፕሮግራመሩን ሳታማክሩ እንዳትነኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። የተቋረጠ ሥራ ሳይነካ የሚቆየው እስከ 240 ደቂቃ ነው፣ ካልተቀየረ በስተቀር። አራት ሰዓት ሙሉ ሰነዱ ተቆልፎ የደሴ ሒሳብ ክፍል ሲጠብቅህ ይታይህ። እኔ 30 ደቂቃ አደርገው ነበር። ቫልዩዎቹ ግን የማሽኑ በሙሉ ናቸው፣ ደሴ ያሉትንም ይነካሉ። ቴልኔት ሰርቨሩ ተጠቃሚው መኖሩን የሚጠይቅበት ጊዜም አጭር ይደረግ፤ አለበለዚያ ቶሎ ስትደውል ስምህ ገና እንደተያዘ ይሆንና አያስገባህም።

የደሴው ሞደም በስዊችቦርድ በኩል ከሆነ ቀጥታ መስመር ይሰጠው። ሞደሙም ዩፒኤስ ላይ ይሰካ። ብዙ ቢሮ ማሽኑን ብቻ ይሰካና መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ግንኙነቱ ይበጠሳል።

እባካችሁ ደኅንነቱንም አትርሱ። ያ ስልክ ቁጥር የድርጅቱ በር ነው፣ ማንም ሊደውልበት ይችላል። የስልክ ግንኙነቱን የሚያያይዘው ፒፒፒ በቻፕ (ይለፍ ቃሉ ራሱ በመስመሩ ሳይላክ በሚረጋገጥበት ዘዴ) ይለፍ ቃል ይጠይቅ። የተሳሳተ ይለፍ ቃል ሦስት ጊዜ የሞከረ ተጠቃሚ ይዘጋ። ዋናው አስተዳዳሪ፣ ኪውሴክኦፈር፣ በስልክ ጨርሶ አይግባ።

ሁሉም ሲስተካከል በእውነተኛ ሰነድ አትጀምሩ። የሙከራ ሰነድ ክፈት፣ ግማሹን ጻፍ፣ ኢንተር ተጫን፣ ከዚያ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ንቀል። ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ መልሰህ ደውል። ያው ስክሪን ከመጣ ጨርሳችኋል፤ ካልመጣ ወይም አሁንም ተይዟል ካለ፣ የወጣውን መልእክት ቁጥር ጽፈህ ላክልኝ።