የአጭር ሞገድ ትራንሲቨር ምርጫ፦ ከጎንደር አማተሮች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በጎንደርና በአካባቢዋ አማተር ራዲዮን (ለትርፍ ሳይሆን በፍላጎት የሚደረግ የራዲዮ ግንኙነትን) የሚከታተሉ ወዳጆች ዋጋቸው ከፍ ስላሉት የአጭር ሞገድ ትራንሲቨሮች (ማሰራጫና ተቀባይ በአንድ ላይ የያዙ ራዲዮዎች) ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ጋሼ፣ በሮብ ሸርዉድ ሰንጠረዥ ላይ የያኤሱ ኤፍቲዲኤክስ-101ዲ ከአይኮም አይሲ-7610 በብዙ ይበልጣል። ታዲያ ምርጫው እዚያ ላይ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም። ሸርዉድ ለበርካታ ዓመታት ተቀባዮችን ራሱ እየለካ ውጤቱን የሚያወጣ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ሰንጠረዡ የተደረደረው፣ ሁለት ብርቱ ምልክቶች በ2 ኪሎኸርዝ ብቻ ተራርቀው ሲገቡ ተቀባዩ በመካከላቸው የሌለ ምልክት ሳይፈጥር ምን ያህል እንደሚችላቸው በሚያሳየው ቁጥር ነው። በዚህ መለኪያ 101ዲ ወደ 110 ዴሲቤል (የምልክት ጉልበት ማነጻጸሪያ መለኪያ)፣ የኬንዉድ ቲኤስ-890ኤስ ወደ 105፣ 7610 ደግሞ ወደ 98 ያስመዘግባሉ። ነገር ግን ራሱ ሸርዉድ እንደሚያስረዳው 85 ዴሲቤል አካባቢ የደረሰ ተቀባይ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ልዩነት በግልጽ የሚሰማው ኃይለኛ ማሰራጫ ያለው ሌላ አማተር በቅርብ ሲኖር ነው። በውድድር ሰሞን አውሮፓ ውስጥ ይህ የተለመደ ችግር ሊሆን ይችላል። በጎንደር ግን በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት አማተር ማግኘት ራሱ ብርቅ ስለሆነ፣ ለ12 ዴሲቤል ልዩነት ሲባል ብቻ ገንዘብ መጨመርን አልመክርም።

ጥያቄ (ከዩኒቨርሲቲው፣ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ)፦ በሱፐርሄትሮዳይን እና በዳይሬክት ሳምፕሊንግ መካከል በተግባር የሚታይ ልዩነት አለ?

መልስ፦ አለ ልጄ፤ ለማየትም 40 ሜትር ባንድን (በ7 ሜጋኸርዝ ዙሪያ ያለውን) በምሽት መክፈት ይበቃል። እኛ ባለንበት የዓለም ክልል የአማተሮች ድርሻ 7.200 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃና ከዚያው በላይ በመቶ ኪሎዋት የሚቆጠር ጉልበት ያላቸው የብሮድካስት ጣቢያዎች ይጀምራሉ። 101ዲ በሱፐርሄትሮዳይን ዘዴ የሚመጣውን ምልክት መጀመሪያ ወደ 9 ሜጋኸርዝ ቀይሮ በጠባብ የክሪስታል ፊልተር ካሳለፈው በኋላ ብቻ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ በዳይሬክት ሳምፕሊንግ የሚሠራው ለስክሪኑ ስፔክትረም (የባንዱን ምልክቶች ለሚያሳየው ሥዕል) የተመደበው ክፍል ብቻ ነው። 890ኤስም በጠባብ ፊልተር የሚያምን የሱፐርሄትሮዳይን ቤተሰብ ነው። 7610 እና ታናሹ አይሲ-7300 ግን በዳይሬክት ሳምፕሊንግ ከአንቴናው የመጣውን ያለ ጠባብ ፊልተር ወደ ቁጥር ስለሚለውጡ፣ የሁሉም ጣቢያዎች ጉልበት ተደምሮ ለዋጩን ሊያጥለቀልቀው ይችላል። በ7300 ስክሪን ላይ «ኦቪኤፍ» (ሞልቶ ፈሰሰ) የሚል ምልክት ከበራ የሆነው ይኸው ነው። 7610 ለዚህ መከላከያ «ዲጂሴል»፣ 101ዲ ደግሞ «ቪሲ-ቲዩን» የተባሉ ቅድመ ማጣሪያዎች ተሰጥቷቸዋል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ብዙዎቻችን «ኦቪኤፍ» የምናበራው ራሳችን ነን። የአንቴናውን ገመድ ነቅለሽ ተመልከቺ። በ40 ሜትር ሲነቀል ጫጫታው ጭልጥ ብሎ ከወረደ፣ ተቀባዩ ከበቂ በላይ ንቁ ነውና ፕሪአምፑን (ቅድመ ማጉያውን) ማጥፋት፣ የአርኤፍ ጌይኑንም (የተቀባዩን ንቃት ማስተካከያ) ዝቅ ማድረግ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ «ኦቪኤፍ» የሚለው ምልክት አብሮ ይጠፋል።

ጥያቄ (ሁለት ሰዎች ጠይቀዋል)፦ ሁለት ተቀባይ ያለው ራዲዮ ያስፈልገናል?

መልስ፦ ሁለተኛ ተቀባይ በመሠረቱ የአዳኝ መሣሪያ ነው። ብርቅ አገር የሚፈልግ ሰው በአንዱ ጆሮው ብርቁን ጣቢያ፣ በሌላው ደግሞ ያ ጣቢያ የትኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ማንን እንደሚመልስ ያዳምጥበታል። እኛ ግን የምንታደነው ወገን ነን። በ«ኢቲ» የሚጀምር የጥሪ ምልክት በአየር ላይ ጥቂት በመሆኑ፣ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ሲጣራ ያዳመጠ ሰው ምን እንደሚከተል ያውቃል። በ14 ሜጋኸርዝ በሞርስ አንድ ጊዜ «ሲኪው» (ለሁሉም የሚደረግ ጥሪ) ብለው «አፕ» (ከፍ ብላችሁ መልሱልኝ) ካሉ በኋላ፣ ከፍ ብሎ ባሉት ጥቂት ኪሎኸርዞች ውስጥ አውሮፓና ጃፓን በአንድ ላይ ይነሣሉ። ጠሪዎቹ በ50 ኸርዝ ልዩነት ይደራረባሉና 300 ወይም 500 ኸርዝ ስፋት ያለው ሩፊንግ ፊልተር (ከተቀባዩ መግቢያ አቅራቢያ ያለው ጠባብ ማጣሪያ) ከውስጡ የገቡትን ሊለያቸው አይችልም፤ በሰንጠረዡ ራስ ላይ የተቀመጠው ራዲዮ እዚህ ቦታ ከሌሎቹ እኩል ነው።

እዚህ የሚለያቸው ጆሮ ነው፤ ጆሮም የሚለየው በድምፁ ቅጥነትና በጩኸቱ ልክ ነው። ኤጂሲው (የተቀባዩን ማጉላት እንደ ምልክቱ ብርታት በራሱ የሚያስተካክለው ክፍል) በዝግታ ከተስተካከለ ግን ብርቱው ጣቢያ ሁሉንም አብሮ ይጫናቸዋል፤ ደካሞቹ ቀና የሚሉት እሱ ዝም ካለ በኋላ ነው። ስለዚህ ኤጂሲውን ፈጣን ማድረግ፣ አርኤፍ ጌይኑን ብርቱዎቹ ብቻ ኤጂሲውን እስኪነኩት ድረስ መቀነስ፣ የጎደለውንም በድምፅ ማስተካከያው መሙላት ይሻላል። ሦስቱም አምራቾች የኤጂሲውን ፍጥነት እንድናስተካክል ይፈቅዱልናል። በእኔ ጆሮ ግን ለረጅም ሰዓት ሲደመጥ የ890ኤስ ድምፅ ከሁሉም ያነሰ ያደክማል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ማዳመጥ ከቻላችሁ የራሳችሁን ጆሮ እመኑ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ 100 ዋት ወይስ 200 ዋት?

መልስ፦ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል፣ ማለትም በሚቀበለው ሰው መለኪያ ላይ የአንድ «ኤስ» (የምልክት ብርታት ደረጃ) ግማሽ ነው። የ20 ሜትር ባንድ ዳይፖል (ባለ ሁለት ክንፍ የሽቦ አንቴና) በእያንዳንዱ ክንፉ 5 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሁለት ጠንካራ የባሕር ዛፍ አጣና ተክለው ከፍታውን ከ5 ወደ 10 ሜትር ቢያደርሱት ለሩቅ ግንኙነት ከዚያ የበለጠ ያገኛሉ። መኖሪያዎ ከጎሃ ተራራ ግርጌ ቢሆን ኖሮ ወደ ሰሜን የሚሄደው ዝቅተኛ ጨረር ያሳስበን ነበር፤ አዘዞ ግን ሜዳ ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲሄድስ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሰንጠረዡ ይልቅ ምርጫውን የሚወስን ይመስለኛል። አይሲ-7851 እና ቲኤስ-990ኤስ 200 ዋት የሚያወጡ ሲሆኑ የኃይል አቅርቦታቸው በውስጣቸው ስለተሠራ የሚሠሩት በግድግዳ መብራት ነው፤ በባትሪ ማሠራት የሚቻለው ኢንቨርተር ሲጨመር ብቻ ነው። ርካሽ ኢንቨርተር ደግሞ በየባንዱ የራሱን ጫጫታ ይዘራል። 100 ዋቶቹ በ13.8 ቮልት ስለሚሠሩ በቀጥታ ከባትሪ ይሠራሉ፤ በሙሉ ጉልበት ሲያሰራጩ ከ21 እስከ 23 አምፔር ይስባሉ። ብዙ ሰዓት የሚያልፈው ግን በማዳመጥ ስለሆነ፣ 7300 ሲያዳምጥ 1 አምፔር ገደማ፣ 7610 ደግሞ 3 አምፔር ገደማ መፍጀታቸው በ100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። አይኮም ለ7610 የሚፈቅደው ቮልቴጅ ከ13.8 በ15 በመቶ የሚወርድ፣ ማለትም እስከ 11.7 ድረስ ነው። የመኪና ባትሪ በቀጭን ገመድ 20 አምፔር ሲጠየቅ ከዚያ በታች ወርዶ ራዲዮው በንግግር መካከል ይጠፋል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪና አጭር፣ ወፍራም ገመድ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የክረምቱን የመብረቅ ጫጫታ የትኛው ራዲዮ ያጠፋዋል?

መልስ፦ የትኛውም። ኖይዝ ብላንከር የሚባለው የጫጫታ ማፈኛ የሚረዳው እንደ ሞተር ብልጭታ ላለ አጭርና ተደጋጋሚ ምት ነው። ነጎድጓድ ሲቀርብ አንቴናውን ንቀሉት።

ጥያቄ፦ ስለ ማሰራጫው ጥራት ማንም አያወራም። ለምን?

መልስ፦ ጥቅሙ ለጎረቤት ስለሆነ ይመስለኛል። በ13.8 ቮልት የሚሠሩት ማሰራጫዎች በንግግር ጊዜ ከድምፁ ስፋት ውጭ የሚረጩት ቆሻሻ በ50 ቮልት ከሚሠሩት በአብዛኛው ይበዛል። የ101ዲ ባለ 200 ዋት ወንድም የሆነው 101ኤምፒ ጉልበቱን ወደ 75 ዋት ቀንሶ ክላስ ኤ በተባለው አሠራር ንጹሕ ምልክት ማውጣት ይችላል። በሌሎቹ ላይ የማይክ ጌይኑን ቀንሶ ኤኤልሲው (የማሰራጫውን ጉልበት በራሱ የሚገታው ክፍል) ከገደቡ እንዳያልፍ መጠበቅ ነው።

ጥያቄ፦ እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይገዛሉ?

መልስ፦ 890ኤስን። ገንዘቡ ካነሰ 7300ን ገዝቼ የተረፈውን ለባትሪና ለአንቴና አውለው ነበር። ዋጋው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የነበረውን 7851 በእኛ መብራት አልሞክረውም።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይዞልኝ ቢመጣስ?

መልስ፦ ፈቃዱ ከመሣሪያው ይቅደም። የራዲዮ ፍሪኩዌንሲን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሞዴሉን ስም፣ የሚያወጣውን ጉልበትና የሚሠራባቸውን ባንዶች በጽሑፍ አቅርበው መልስ ሲያገኙ ብቻ ዘመድዎ ይግዛልዎ፤ ጉምሩክ ላይም የሚያሳየው የፈቃዱ ቅጂ በእጁ ይኑር።